በሳምንት የሚመለስ ብር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ታዳጊ ሆኖ ንግድ ለመጀመር

አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ወደ ሱቄ መጥተው ስለ ንግድ ሲያማክሩኝ የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ብሸጥ ይሻላል?» የሚል ነው። ደሴ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከከፈትኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ራሴም መሸጥ የጀመርኩት ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ስለነበር ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። መልሴ ግን ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የምታወጡት ብር በስንት ቀን ተመልሶ እጃችሁ ይገባል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አብዛኛውን የንግድ ሐሳብ የሚያበጥረው እሱ ነው። ጎልማሳ ነጋዴ ገንዘቡን በእህል ላይ አውሎ ስድስት ወር ሊጠብቅ ይችላል፤ መጋዘን አለው፣ ሌላ ገቢ አለው፣ ከዚህ ቀደም ከስሮ ያገገመበት ልምድም አለው። ታዳጊ ያለው ትንሽ ብር ስለሆነ የሚያዋጣው ያችኑ ትንሽ ብር ደጋግሞ ማዞር ነው። ቅዳሜ የወጣ ብር በሚቀጥለው ቅዳሜ ተቆጥሮ የሚገባ ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 50 ጊዜ ያህል ገዝታችሁ፣ ሸጣችሁ፣ ተሳስታችሁ፣ አርማችሁ ታያላችሁ። በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ግን 18 ዓመት እስኪሞላችሁ ድረስ ስሕተታችሁን የምታዩት አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በዶሮ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሳምቡሳ ሸጬ ያጠራቀምኩትን ብር በሙሉ አውጥቼ 30 የአርባ አምስት ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። ዶሮ ዕንቁላል መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሞላት እንደሆነ ተነግሮኝ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የሚበሉትን መኖ ግን በወራቱ አባዝቼ አላሰላሁትም። ያደገች ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ 30 ሲሆኑ በወር አንድ ኩንታል ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱን ክንፋቸውን ጥለው፣ አንገታቸው ተጠማዝዞ አገኘኋቸው፤ በሳምንቱ መጨረሻ የቀሩት ስምንት ብቻ ነበሩ። የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ፣ ዋጋውም ከአንዲት ዶሮ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ነገር ነው፤ ያላስከተብኩት በስንፍና ነው። ዶሮ እርባታ መጥፎ ሥራ ሆኖ አይደለም። ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያላት ከተማ ናት፣ በሁለቱም ከተሞች በዶሮ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ዶሮ ለጀማሪ ስሕተቱን የምትነግረው ዘግይታ ነው፤ ስትነግረውም ብሩን በሙሉ ይዛበት ትሄዳለች።

ሥራውን ስለ መምረጥ

በሳምንት የሚመለሱ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ መነሻ ብር አይጠይቁም። በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ ጎበዝ የሆነ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን በቤታቸው ማስጠናት ይችላል፤ የሚያስፈልገው የወላጆች አመኔታና ሰዓት አክባሪነት ብቻ ነው። በአማርኛ ፈጥኖ መጻፍ የሚችል ልጅ ማመልከቻና የጥናት ወረቀት ይጽፋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙም ኮምቦልቻ ላይ ስለሚገኙ የጽሑፍ ሥራ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። ከጅምላ ሻጭ ካልሲ፣ የስልክ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ አምጥቶ በችርቻሮ መሸጥም በሳምንት ይመለሳል። ምግብ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል፤ ጠዋት የወጣው ብር ማታ ይገባል።

ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ገበያ እንዳልሆኑ አስተውሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ጠዋት ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሲጨርስ ጋቢውን አጥፎ ክንዱ ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ደሴ ላይ በክረምትና በጥቅምት ውርጭ የሚሸጠው ትኩስ ነገር፣ ካልሲና የአንገት ልብስ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ውሃና ጭማቂ ነው። የገዢውም ዓይነት ይለያያል። ደሴ የመንገደኛ፣ የተማሪና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከተማ ናት፤ በሰኞ ገበያ በኩልም ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካውና በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ስለሆነች፣ ገዢዋ ፈረቃ ጠብቆ የሚወጣና ደመወዝ በተከፈለበት ሳምንት እጁ የሚፈታ ሠራተኛ ነው።

ይህን ሁሉ በግምት አትቀበሉት። ለመሸጥ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ በሁለት የተለያዩ ቀናት ለአንድ አንድ ሰዓት ያህል ቁሙና ቁጠሩ፦ ስንት ሰው አለፈ፣ ስንቱ የሚበላ ነገር በእጁ ይዟል፣ ከጎናችሁ ያለችው ሴት በዚያ ሰዓት ውስጥ ለስንት ሰው ሸጠች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቆጥር፣ ብዙ ሰው ያልፍበታል ብዬ የመረጥኩት መንገድ ላይ ሰው የሚያልፈው ታክሲ ለመያዝ እየሮጠ እንደሆነ ተረዳሁ፤ የሚሮጥ ሰው አይገዛም። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች የሚሰለፉበት ቦታ፣ የሚያልፈው ሰው ያነሰ ቢሆንም የሚቆም ሰው ነበረበት።

የሳምቡሳዋ ሒሳብ

ስሌቱን በቅርበት ለማሳየት እኔ የጀመርኩበትን የምስር ሳምቡሳ ልውሰድ። ዋጋዎቹ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጡ ቁጥሮቹን ለማሳያ ብቻ ተመልከቷቸው፤ በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ተክታችሁ መሥራት ይኖርባችኋል።

ለ80 ሳምቡሳ 2 ኪሎ ዱቄት 200 ብር፣ 1 ኪሎ ምስር 180 ብር፣ ሽንኩርት 70 ብር፣ ቃሪያና ጨው 30 ብር፣ የሚያልቀው ዘይት 200 ብር፣ ከሰል 80 ብር፣ መጠቅለያ ወረቀት 20 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 780 ብር ይሆናል። አንዷ ሳምቡሳ 9 ብር ከ75 ሳንቲም ወጣባት ማለት ነው። በ15 ብር ብትሸጥና 80ዎቹም ቢያልቁ 1,200 ብር ገባ፤ ትርፉ 420 ብር ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ደርሰው ስሌቱን ይዘጉታል፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው።

780ን ለ15 አካፍሉት፤ 52 ይመጣል። ከመጀመሪያዋ እስከ ሃምሳ ሁለተኛዋ ድረስ ያሉት ሳምቡሳዎች የሚሠሩት ለዱቄት ሻጩ፣ ለከሰል ሻጩና ለዘይት ነጋዴው ነው፤ የእናንተ የሆነችው የመጀመሪያዋ ሳምቡሳ ሃምሳ ሦስተኛዋ ናት። ይህን ቁጥር ማወቅ ጠባይ ይለውጣል። 12 ሳምቡሳ ሳይሸጥ ቢያድር ገቢው 1,020 ብር፣ ትርፉም 240 ብር ይሆናል፤ ማለትም ከስድስት ሳምቡሳ አንዷ እንኳ በማትሞላ ልዩነት የትርፉ ግማሽ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ለጓደኞቻችሁ «አንድ አንድ ቅመሱ» ብላችሁ የምትሰጧቸው ሳምቡሳዎች የሚወጡት ከሃምሳ ሦስተኛዋ በኋላ ካሉት ነው። ይህ ቁጥር ከገባኝ በኋላ ጓደኞቼን መጋበዝ አላቆምኩም፤ ነገር ግን በቀን ሁለት ብቻ ብዬ በደብተሬ ላይ እንደ ወጪ መጻፍ ጀመርኩ።

ቀጥሎ ከቤት የተወሰደው አለ። መጥበሻው የእናታችሁ ነው፣ ምድጃው የቤት ነው፣ ሊጡን የዳመጠችው እኅታችሁ ናት። ይህ ሁሉ ነጻ ይመስላል፤ ነጻ ግን አይደለም፣ ያልተከፈለ ነው። የእኅታችሁን ድካም በቀን 40 ብር፣ የመጥበሻውን አገልግሎት በቀን 10 ብር ብላችሁ ብታስቡ ከ240 ብሩ 190 ብር ይቀራል። ወዲያው ባትከፍሏቸውም እንኳ ጻፉት። አንድ ቀን እኅታችሁ ፈተና ደርሶባት ሌላ ሰው መቅጠር ብትገደዱ፣ ሥራው ራሱን ችሎ ይቆም እንደሆነ የሚያሳያችሁ ይህ መስመር ነው። ከዚያም በላይ እኅት የእጇን ዋጋ ማግኘት አለባት፤ በየቤቱ «የወንድሜ ንግድ» እየተባለ በእኅቶች ጉልበት የሚቆም ሥራ ብዙ ነው።

የሁለት ጾሞች ገበያ

ወሎ ውስጥ የሚነግድ ሰው ሁለት የሃይማኖት አቆጣጠሮችን አብሮ መያዝ አለበት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያትን ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ ፍልሰታን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማሉ፤ በእነዚህ ጊዜያት የዕንቁላልና የወተት ገዢ ይቀንሳል። ረመዳን ደግሞ በፀሐይ አቆጣጠር ሲታይ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይገባል፤ በረመዳን የቀኑ ገበያ ቀዝቅዞ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በድንገት ይነሣል። ለማፍጠሪያ የሚገዛ ሰው ከ12 ሰዓት በኋላ አይመጣምና፣ ሳምቡሳችሁ ዘግይቶ ቢደርስ ያ ቀን አለቀ ማለት ነው።

የምስር ሳምቡሳ ለእኔ የሠራልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋ ቢገባበት ኖሮ ግማሹን ገዢ አጣ ነበር፤ ምስር ግን ለሚጾመውም ለሚያፈጥረውም ይሆናል። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 በመግባታቸው ሁለቱ ጾሞች በአምስት ቀን ልዩነት ተከታትለው ነበር፤ በዚያ ወር ዕንቁላል ቀቅሎ ለመሸጥ የወጣ ልጅ ገበያው ለምን እንደሞተ ግራ ሲገባው፣ ምስር የያዘው ግን ለማዳረስ ይሯሯጥ ነበር። እንግዲህ ዓመቱ ሲጀምር አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ወራቱን ጻፉና ጾሞቹን፣ ፋሲካን፣ ዒዶቹን፣ መውሊድን፣ የጥር ሠርጎችን፣ የመስከረምን የደብተር ግዢና የፈተና ሳምንታትን አስፍሩበት። እኔ ይህን ወረቀት ዛሬም ከሱቄ ጠረጴዛ በስተጀርባ እለጥፈዋለሁ፤ ደብተርና መሸፈኛ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ካላስገባሁ መስከረም ላይ የምገዛው ከተወደደ በኋላ ነው።

ደብተር፣ ዱቤና የምንዛሪ ነገር

ሒሳብ መያዝ ለብዙ ሰው አሰልቺ ነው፤ ለእኔም ነበር። ባለ 32 ሉክ ደብተር ይበቃል፤ በአንድ ገጽ ላይ የወጣ፣ የገባ፣ በሰው እጅ ያለ የሚሉ ሦስት ዓምዶችን አስምሩ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በኪሳችሁ ያለውን የንግድ ብር ጻፉ፤ ማታ ቆጥራችሁ በዓምዶቹ መሠረት መኖር ከሚገባው ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ ሳትተኙ ፈልጉት፤ በማግስቱ አይታወስም። የንግዱ ብርና የኪስ ብር አንድ ቦታ መቀመጥ የለባቸውም። እኔ የንግዱን በክብሪት ቀፎ፣ የራሴን በሱሪዬ ኪስ እይዝ ነበር፤ ታክሲ የምሳፈረው ከኪሴ እንጂ ከቀፎው አልነበረም።

በሰው እጅ ያለ የሚለው ዓምድ ከሦስቱ አደገኛው ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ የሚሰቀለው ባለ ሱቁ ቀልደኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊት እንቢ ማለት ስለሚከብድ ነው። ለታዳጊ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዱቤ የሚጠይቁት አጎት፣ የአባት ጓደኛ፣ ጎረቤት ናቸውና። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን «መቼ ይከፍሉኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎ ይታያል። እኔ የተጠቀምኩበት መላ ይህ ነው፦ ከመነሻ ብሩ ከአሥር እጅ አንድ እጁን ብቻ ለዱቤ መደብኩና፣ ያ ሲሞላ «ጋሼ፣ የዱቤው ድርሻ ለዛሬ ሞልቷል፣ ደብተሩን ይመልከቱ» እል ነበር። ደብተሩ እንቢ ሲል እኔ እንቢ እንዳልኩ አይቆጠርም። ሳምንታዊው ዑደት የሚሰበረው በኪሳራ ብቻ አይደለም፤ አትርፋችሁ ሳለ ትርፉ በሰው እጅ ከሆነ ቅዳሜ የምትገዙበት ብር አይኖርም።

ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ክፍያ መቀበል ቀሏል፤ ማጭበርበርም አብሮ ቀሏል። ገዢው «ላክሁልህ» ብሎ በስልኩ ላይ የሚያሳያችሁን ምስል ወይም መልእክት አትመኑ፤ ዕቃውን ከማስረከባችሁ በፊት በራሳችሁ ወይም በወላጃችሁ ስልክ ላይ ብሩ መግባቱን ቀሪ ሒሳቡን አይታችሁ አረጋግጡ። ግርግር በበዛበት ሰዓት በሐሰት የተሠራ ምስል አሳይቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ሰውየው ታማኝ ከሆነ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አያስቀይመውም።

ዋጋ ስታወጡ ደግሞ የገዛችሁበትን ሳይሆን ነገ የምትተኩበትን ዋጋ አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እኔ በዚያ ወቅት ከውጭ የሚመጡ ካልኩሌተሮችና እስክሪብቶዎች በመደርደሪያዬ ላይ ነበሩኝ፤ በአሮጌው ዋጋ ስለሸጥኳቸው ሱቄ በገዢ ተጨናነቀ፣ እኔም ገበያ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ዕቃው አልቆ ወደ ጅምላ ሻጩ ስሄድ የሰበሰብኩት ብር የበፊቱን ግማሽ ያህል ዕቃ እንኳ በግድ ነው የገዛልኝ። ጅምላ ሻጩ ሐጂ ሁኔታዬን አይተው «አብሽር ልጄ፣ ትርፍህ አልጠፋም፤ ለደንበኞችህ ነው ያካፈልከው» አሉኝ። ሳምንታዊ ዑደት እዚህም ይረዳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው የዋጋውን ለውጥ በሳምንቱ ያየዋል፣ ለስድስት ወር አከማችቶ የተቀመጠ ግን እንደ እኔ በኋላ ይነግሩታል።

ወላጅ፣ ሕግና ትምህርት ቤት

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። በተግባር ሲታይ የሱቅ ኪራይ ውል፣ የብድር ውልና የንግድ ፈቃድ የመሳሰሉት ጉዳዮች በወላጅ ወይም በሞግዚት በኩል የሚፈጸሙ ይሆናሉ ማለት ነው። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያዩት ልጆች አሉ፤ እኔ ግን ጥቅም አለው እላለሁ፣ ምክንያቱም ፊርማቸውን የሚሰጡት ወላጅ ሥራውን መጠየቃቸው አይቀርም። አባታችሁን ወይም እናታችሁን ስታስፈቅዱ «ንግድ ልጀምር ነው» ብላችሁ ብቻ አትቅረቡ። የቆጠራችሁትን የሰው ብዛት፣ የመነሻውን ብር መጠን፣ ሁሉም ቢጠፋ የሚጠፋው ምን ያህል እንደሆነና በምን ሰዓት ቤት እንደምትገቡ የያዘ አንድ ገጽ ይዛችሁ ቅረቡ። ወላጆችን የሚያስፈራቸው ብዙውን ጊዜ ብሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ በተለይ ሴት ልጆች ሲሆኑ። ስለዚህ ከመምሸቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ምረጡ፤ ዕቃውም ብሩም በእጃችሁ እያለ ብቻችሁን አታምሹ።

ቦታን በተመለከተ፣ መንገድ ዳር ዕቃ ዘርግቶ መሸጥ ከደንብ አስከባሪዎች ጋር ያጋጫል፤ ዕቃው የተወሰደበት ልጅ የሳምንት ሥራው በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ከመጀመራችሁ በፊት ወላጅ ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱና የት መሸጥ እንደሚፈቀድ፣ ለየትኛው ሥራ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ ወይም ባለ ሱቅ ዘመድ ካላችሁ በሱቁ በር ላይ አንድ ጠረጴዛ እንዲፈቅድላችሁ በሳምንት የተወሰነ ብር ተስማሙ። የዘመድ ቢሆንም ስምምነቱን ጻፉት።

ሌላ ሰው ቀጥራችሁ ልታሠሩ ወይም በክረምት ተቀጥራችሁ ሥራ ልትለምዱ ካሰባችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠሩ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠሩ ማድረግም ክልክል ነው። በነገራችን ላይ አንድ ክረምት በደህና ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት የራስን ሥራ ከመጀመር በፊት ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተት የምታዩት በሌላ ሰው ብር ነውና።

ትምህርታችሁ በፈረቃ ከሆነ ግማሽ ቀን አላችሁ፤ ከዚያ ላይ ለጥናት የሚሆነውን መጀመሪያ ቀንሱና የቀረውን ለንግዱ ስጡት፤ ተገላቢጦሹ አይሠራም። በፈተና ሳምንታት ሥራውን ዝጉት። ሳምንታዊ ሥራ ከሆነ መዝጋት ይቻላል፤ ለሁለት ሳምንት የተዘጋ የሳምቡሳ ሥራ መኖ አይጠይቃችሁም። አንድ ጓደኛዬ ገበያው ደርቶለት ትምህርቱን ከአሥራ አንደኛ ክፍል አቋረጠ፤ ጎበዝ ነጋዴ ነበር፣ ዛሬም ነው፣ ነገር ግን የውል ወረቀት በመጣ ቁጥር እኔ ሱቅ ድረስ ይዞት ይመጣል።

ስለ ሽርክና በአጭሩ፦ ከጓደኛ ጋር ከመጀመራችሁ በፊት ማን ስንት ብር እንዳዋጣ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ አንዱ ቢወጣ ብሩን በስንት ቀን እንደሚወስድ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ወላጆች ይመልከቱት። የፈረሱ ሽርክናዎች ከብር ይልቅ ጓደኝነትን ይዘው ነው የሚፈርሱት።

ትርፉን የት ማድረግ

ትርፉን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ክፍል ወደ ሥራው ይመለስና መነሻውን ያሳድግ፤ ዘይት በጠርሙስ ሳይሆን በጀሪካን መግዛት ስትጀምሩ የአንዷ ሳምቡሳ ወጪ ሲቀንስ በደብተራችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ክፍል ወደ ባንክ ይግባ፤ በርካታ ባንኮች ለታዳጊዎች በወላጅ ወይም በሞግዚት በኩል የሚከፈት የቁጠባ ሒሳብ አላቸው። ሦስተኛው የእናንተ ነው፣ ብሉበት፤ ምንም የማይበላበት ንግድ ቶሎ ያስጠላል።

እቁብ ለታዳጊ ጥሩ ነው፣ ግን ከመጠኑ ካለፈ ይጎዳል። ከክፍል ጓደኞች ጋር የሚጣል ትንሽ ሳምንታዊ እቁብ የመቆጠብ ልማድ ያስይዛል፤ ዕጣ ሲወጣም የተሻለ መጥበሻ ወይም ሁለተኛ እጅ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚያስችል ብር በአንድ ጊዜ ያስገኛል። ከገቢያችሁ በላይ የሆነ እቁብ ውስጥ ከገባችሁ ግን የመነሻውን ብር ወደ መጣል ትሄዳላችሁ፤ ያን ጊዜ ሥራው ለእቁቡ ሲል ይቆማል። እኔ የምከተለው መጠን በመጥፎ ሳምንት ከተገኘ ትርፍ ከግማሽ የማይበልጥ ነው፤ በጥሩ ሳምንት ላይ ተመሥርቶ እቁብ አይገባም።

18 ዓመት ሲሞላችሁ በራሳችሁ ስም የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ውል መፈረም፣ ለብድርም ማመልከት ትችላላችሁ። የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የመሳሰሉት ድጋፎች የተዘጋጁትም 18 ዓመት ለሞላቸው ነው። ያን ጊዜ አበዳሪው ፊት ስትቀርቡ አብዛኛው አመልካች ይዞ የሚመጣው ሐሳብ ብቻ ነው። እናንተ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ በየማታው የተሞሉ፣ ዘይት የነካቸው ደብተሮች ይኖሯችኋል፤ ረመዳን ላይ ስንት እንደተሸጠ፣ በፍልሰታ ስንት እንደተረፈ፣ ዱቤ ያልከፈለው ማን እንደነበር ሁሉ ተጽፎባቸዋል። ደብተሮቹን በዓመታቸው ደርድራችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ውሃ በማይነካው ቦታ አስቀምጧቸው።